ከካራቆሬ እስከ ሥዕል ትምህርት ቤት

ሥዕል የሚማር ወጣት ገና ክፍል ሲገባ ከሚቀርቡለት ጥያቄዎች አንዱ የትኛውን ሥራ እንደሚወድ ነው። የሒሳብ ተማሪን የሚወደውን ቀመር ማንም አይጠይቀውም። የሥዕል ተማሪ ግን ይጠየቃል፤ መልሱም ለመምህሩ ብዙ ይነግረዋል። ተማሪው እስከዚያ ቀን ምን የማየት ዕድል እንደነበረው፣ ዓይኑ በቀለሙ ወይም በመስመሩ ላይ የሚቆይ መሆኑን፣ አለዚያም ቶሎ ብሎ ወደ ታሪኩ የሚሮጥ መሆኑን ከመልሱ መረዳት ይቻላል። ችግሩ መውደድ የሚቻለው ያዩትን ብቻ መሆኑ ነው። ከካራቆሬ፣ ከአጣዬ ወይም ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ ሥዕል ለመማር የሚያስብ የይፋት ወጣት ታላላቅ የሚባሉትን ሥራዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቃቸው በስልክ ነው። ሥራዎቹ ራሳቸው ያሉት ከሁለት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው፣ ከጣርማ በር ዋሻ ማዶ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ነው።

ለይፋት ተማሪ በቦታም በታሪክም የሚቀርበው ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ ነው። አፈወርቅ የተወለደው እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 1932 በአንኮበር ነው። አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ የነበረች የደጋ ከተማ ናት፤ ከአፋፏ ላይ ወደ ምሥራቅ ቁልቁል የሚመለከት ሰው የሚያየው የቆላውን ምድርና ከዚያ ባሻገር የአፋርን ሜዳ ነው። ልጁ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው፣ እ.ኤ.አ. በ1947፣ ለትምህርት ወደ እንግሊዝ አገር ተላከ። የተላከው ግን ሥዕል ሊማር አልነበረም። ከጣሊያን ወረራ ገና ያገገመችው አገር መሐንዲስ ትፈልግ ስለነበር የተመደበለት ትምህርት የማዕድን ምህንድስና ነበር።

ሌይተን ፓርክ በሚባለው ትምህርት ቤት ሲማር በሒሳብና በኬሚስትሪም ጎበዝ ነበር። ይህን ማስታወስ ይገባል፤ ምክንያቱም በአገራችን ሥዕል የሚመርጥ ልጅ ሌላው ትምህርት ያቃተው ነው የሚል ግምት እስከ ዛሬ አልጠፋም። አፈወርቅ ምህንድስናውን የተወው ስለከበደው አልነበረም። ዝንባሌው ታይቶ መጀመሪያ ለንደን በሚገኘው ማዕከላዊ የኪነ ጥበብና የእደ ጥበብ ትምህርት ቤት ገባ፤ ከዚያ ወደ ስሌድ ትምህርት ቤት ተሻገረ። ሲመለስ ከፍ ያለ የመንግሥት ሥራ ይይዛል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። እርሱ ግን በየክፍለ ሀገሩ እየዞረ አገሩን ማየት መረጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1954 የመጀመሪያውን የግል ኤግዚቢሽን በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ አሳየ። ከዚያ ያገኘውን ገንዘብ ይዞ እንደገና ወደ አውሮፓ ሄደ። በዚህ ጉዞው የመስታወት ሥዕል አሠራር ተማረ፤ በለንደን፣ በፓሪስና በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት የተቀመጡትን የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ሥዕሎችም አጠና። ቤቱ አጠገብ የነበረውን ጥበብ ለማጥናት ባሕር መሻገር ነበረበት፤ ይህ ከእርሱ በኋላ የመጡ ብዙ ሠዓሊዎችም የቀመሱት ዕጣ ነው።

ከሥራዎቹ ሁሉ በተማሪዎች ዘንድ በብዛት የሚጠቀሰው በአፍሪካ አዳራሽ የሚገኘው የመስታወት ሥዕል ነው። የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1961 ሲሆን ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር ነው። በሦስት ክፍል ተከፍሎ ያለፈውን፣ የወቅቱንና የመጪውን የአፍሪካ ታሪክ ያሳያል። የመስታወት ሥዕል ቀለም በብሩሽ ተቀብቶ የሚያልቅ ሥራ አይደለም። ባለ ቀለም መስታወት በልክ በልኩ ተቆርጦ በማያያዣ ይገጣጠማል፤ ቀለሙን የሚያበራው ከጀርባው የሚመጣው የፀሐይ ብርሃን ነው። ስለዚህ ሥዕሉ በማለዳና በአመሻሽ አንድ ዓይነት አይታይም። ለመስታወት የሚነድፍ ሠዓሊ ምስሉን እንደ ጠጠር ጎን ባላቸው ቁርጥራጮች ማሰብ ይኖርበታል። አፈወርቅ በኋላ በሸራ ላይ በዘይት ቀለም የሠራቸውን ሥዕሎች ያየ ተማሪ ይህን ልማድ ያገኘዋል፤ ፊቱም ልብሱም በጨረር የተሰነጠቀ ይመስላል። «የመስቀል አበባ» እና «እናት ኢትዮጵያ» የተባሉት ሥዕሎቹ በብዙ ቤት በኅትመት ተሰቅለው ይታወቃሉ፤ «የአፍሪካ ቅርስ» የተባለው ሥራው ደግሞ በብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል። አፍሪካ አዳራሽ ለረጅም ጊዜ ሲታደስ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 እንደገና ተከፍቷል።

የገብረ ክርስቶስ ደስታ መንገድ ከአፈወርቅ ጋር ይመሳሰላል፤ መድረሻው ግን ሌላ ነው። በሐረር የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1932 ነው። አባቱ አለቃ ደስታ ነጎ የቤተ ክርስቲያን ሊቅና የብራና መጻሕፍትን በሥዕል የሚያስጌጡ ሰው ነበሩ። ገብረ ክርስቶስ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲገባ የጀመረው ትምህርት ግብርና ነበር፤ ሳይጨርስ ትቶት በራሱ ጥረት መሣል ቀጠለ። ከዚያ ወደ ጀርመን አገር ሄዶ ከ1957 እስከ 1961 እ.ኤ.አ. በኮሎኝ ተማረ። ሲመለስ ይዞት የመጣው የረቂቅ ሥዕል አሠራር ብዙ ተመልካችን አስደነገጠ። ሰው የማይመስል ሥዕል፣ ዛፍ የማይመስል ዛፍ፣ ክብ ብቻ፣ ቀለም ብቻ። ኢትዮጵያዊነቱ የቱ ላይ ነው የሚል ትችት ደረሰበት። እ.ኤ.አ. በ1963 የሠራው «ጎልጎታ» ለዚህ ጥያቄ በቂ መልስ ይሰጣል፤ በቀይ ቀለም የተጥለቀለቀው ያ ሥዕል የስቅለትን ታሪክ ከልጅነቱ ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያየ ሰው ሥራ መሆኑ አያጠራጥርም። ገብረ ክርስቶስ ገጣሚም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1981 በስደት በአሜሪካ አረፈ። ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው የዘመናዊ ሥዕል ሙዚየም በስሙ ተሰይሟል፤ በጀርመን አገር የቀሩ ሥዕሎቹም ወደዚያ ተመልሰዋል።

እስክንድር ቦጎሲያን ከሁለቱ አምስት ዓመት ያህል ያንሳል። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ በአገር አቀፍ ውድድር ሁለተኛ ሽልማት አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ1955 በመንግሥት ስኮላርሺፕ ለንደን ሄደ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ፓሪስ ገባ። «የጁጁ ሠርግ» የተባለው ሥዕሉ በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥዕል ሙዚየም ይገኛል። በሥራዎቹ ውስጥ ከክታብ ላይ የወረዱ የሚመስሉ ዓይኖች፣ ወፎችና ምልክቶች በጨለማ ሰማይ ላይ ይንሳፈፋሉ። ተማሪዎች እስክንድርን ከሚወዱበት ምክንያት አንዱ ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ደብተራው በክታብ ላይ የሚሥለው ዓይን በፓሪስ ኤግዚቢሽን ቤትም ክብር ያለው ቋንቋ ሊሆን እንደሚችል አሳይቷቸዋል። እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1969 በአዲስ አበባ አስተምሮ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት መምህር ሆኖ በ2003 አረፈ።

እነዚህ ሁሉ ያስተማሩበት ወይም ደጃፉን የረገጡት ትምህርት ቤት ዛሬ አለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ይባላል። የመሠረቱት በ1950 ዓ.ም. አካባቢ አለ ፈለገ ሰላም ናቸው፤ እርሳቸው በአሜሪካ በቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም ተምረው የተመለሱ ነበሩ። ትምህርት ቤቱ በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ተጠቃሏል። ከምሩቃኑ መካከል ደስታ ሐጎስ የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ሥዕል መማር ለወንድ ልጅ እንኳ በሚያስጠይቅበት በዚያ ዘመን አንዲት ልጅ ይህን ትምህርት መጨረሷ ቀላል ነገር አልነበረም።

ወደ ይፋት ሲመለሱ ከሁሉ በላይ ሊጠና የሚገባው ታደሰ መስፍን ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በወልዲያ ተወለደ፤ ይኸውም ካራቆሬ ባለችበት በዚያው የደሴ መንገድ ወደ ሰሜን ሲቀጥሉ የሚገኝ ከተማ ነው። የገብረ ክርስቶስ ተማሪ ነበር፤ ከዚያ በሌኒንግራድ በሬፒን ተቋም ለዓመታት ተምሮ ተመለሰና በአዲስ አበባው ትምህርት ቤት ትውልድ ሲያስተምር ኖረ። የታወቀባቸው ሥዕሎች «የሕይወት ምሰሶዎች» የሚል ስም ያላቸው ተከታታይ ሥራዎች ናቸው። የሚያሳዩት በገበያ ላይ ቆመው ወይም ተቀምጠው ጥቂት ሸቀጥ የሚሸጡ ሴቶችን ነው። ቁመታቸው ረዝሟል፤ ከእግራቸው ሥር መሬት የለም፤ ከበስተጀርባቸው ሱቅም ሰማይም አይታይም። ከሸቀጣቸው ጋር በቀለም መሐል ቆመዋል። ተመልካቹ ዕለት ዕለት አልፏቸው የሚሄዳቸውን ሰዎች እንደ ነገሥታት ሥዕል ቀና ብሎ ለማየት ይገደዳል።

እሑድ በሰንበቴ ገበያ የዋለ የካራቆሬ ልጅ የታደሰን ሥዕል ሲያይ የሚያውቀውን ነገር ነው የሚያየው። አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ የሚገናኙበት ያ ገበያ ለሥዕል ተማሪ ያለ ክፍያ የተከፈተ ትምህርት ቤት ነው። ማሾ በቁና የምትሰፍር ሴት ስትጎነበስ ጀርባዋ የሚሠራው መስመር፣ ከግመል አጠገብ የቆመ አፋር ክብደቱን በአንድ እግሩ ላይ ሲጥል ዳሌው የሚያዘነብልበት አኳኋን፣ የቆላው የቀትር ፀሐይ በነጠላ ላይ የሚያሳርፈው ስለታም ጥላ ሁሉ በሌላ ቦታ ሞዴል ቀጥረው የሚማሩት ነው። ሰውን ከመሣል በፊት ፈቃድ መጠየቅ ግን ግዴታ ነው፤ ሥዕልን በሃይማኖት ምክንያት የማይወድ ሰው አለ፣ እንዲሣል የማይፈልግም አለ፤ እምቢ ካለ ነገሩ በዚያው ያበቃል።

የደሴ መንገድ ሌላም ሥዕል ያስታውሳል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ያፈናቀላቸው ሰዎች ወደ ደቡብ ሲፈልሱ በዚህ መንገድ አልፈዋል። ያኔ ገና ወጣት የነበረው ሠዓሊ እሸቱ ጥሩነህ እ.ኤ.አ. በ1974 የረሃቡን ሰለባዎች በአንድ ሸራ ላይ ሣለ። ሥራው በኢትዮጵያ ሥዕል ታሪክ ውስጥ የዘመኑ ምስክር ሆኖ ይቆጠራል። የሥዕል ተማሪ ሁሉ መልካም ገጽታና አበባ ብቻ እየመረጠ መሣል እንደሌለበት ለማሳየት ከዚህ የተሻለ የቅርብ ምሳሌ አይገኝም።

ከውጭ አገር ሠዓሊዎች በተማሪው አፍ የማይጠፋው ቫን ጎግ ነው። እንደ አለመታደል የሚወደድለት ጆሮውን የመቁረጡ ወሬ እንጂ ሥራው አይደለም። የይፋት ገበሬ ልጅ ሊያጠናው የሚገባው እ.ኤ.አ. በ1885 የሠራውን «ድንች በሊታዎቹን» ነው። አምስት ሰዎች በአንዲት መብራት ሥር ድንች ይበላሉ፤ እጆቻቸው ያው መሬት የቆፈሩባቸው እጆች ናቸው። ሠዓሊው ለዚህ ሥራ ሲዘጋጅ በአንድ ክረምት ብቻ በአርባ የሚቆጠሩ የገበሬ ፊቶችን ሣለ። በማግስቱ ዓመት በአንትወርፕ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ተመዝግቦ ከመምህራኑ ጋር ባለመስማማቱ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጥሎ ወጣ።

የሚወዱትን ሥራ ማጥናት ዘዴ አለው። በቤተ ክርስቲያን የሥዕል ትምህርት ደቀ መዝሙሩ የመምህሩን ሥዕል ደጋግሞ በመገልበጥ ይጀምራል፤ መጀመሪያ መስመሩን፣ ቀጥሎ ቀለሙን። ይህ ልማድ በዘመናዊ ትምህርት ቤትም ዋጋውን አላጣም። ሥዕሉን ዓይንን ጨፈን አድርጎ ማየት ዝርዝሩን ይሰውርና ብርሃንና ጥላው እንዴት እንደተከፋፈለ ያሳያል። ከዚያ በክብሪት ሣጥን መጠን ትንሽ ንድፍ መሥራት፣ በመጨረሻም ሥዕሉን ሸፍኖ ያስታወሱትን መሣል ይቻላል። የተረሳው ክፍል ተማሪው በእውነት ያላየው ነው። ገልብጦ የራስ ስም መፈረም ግን ስርቆት ነው፤ ይህን ገና ከመጀመሪያው ማወቅ ያስፈልጋል።

ስልክ እዚህ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ብዙም አይነገርም። በስልክ ላይ የአፍሪካ አዳራሹ 150 ካሬ ሜትር መስታወትና በእጅ የሚያዝ አንድ የብራና ቅጠል እኩል ናቸው። መጠን ጠፋ ማለት ነው። የዘይት ቀለም ውፍረት፣ ብሩሹ የሄደበት አቅጣጫ፣ ሠዓሊው ፍቆ የተወው ቦታ ሁሉ በስልኩ መስታወት ልስላሴ ይዋጣል። ሌላው ጉዳት የንጽጽር ነው። ገና እርሳስ አያያዝ የሚማር ልጅ በአንድ ምሽት በመቶ የሚቆጠሩ ያለቁ ሥራዎችን ያያል፤ ከእያንዳንዱ ጀርባ ያለውን የተቀደደ ወረቀት ግን አያይም። ውጤቱ ብዙ ጊዜ እርሳሱን ማስቀመጥ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት የቤት ጥያቄ አለ። ሥዕል እንጀራ ይሆናል ወይ? ጥያቄውን የሚያነሡ ወላጆች በአላዋቂነት ሊታሙ አይገባም። ዝናብ ሲቀር ማሽላው የሚከስምበት፣ የማሾ ዋጋ ከዓመት ዓመት የሚዋዥቅበት አገር ሰው ለልጁ እርግጠኛ ደሞዝ ቢመኝ ያስኬዳል። በዚያ ላይ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በይፋት የደረሰው ጦርነትና ግጭት አጣዬን ጨምሮ ከተሞችን አቃጥሏል፤ ትምህርት ተቋርጧል፣ ብዙ ቤተሰብ ጥሪቱን አጥቷል። ቤቱን እንደገና የሚሠራ አባት ልጁ ቀለም ግዛልኝ ሲለው የሚሰማው ስሜት ለመገመት አይከብድም። ያም ሆኖ ሐቁ ሙሉ በሙሉ ጨለማ አይደለም። ሥዕል የተማሩ ሰዎች በመምህርነት፣ በማስታወቂያ ሥራ፣ በመጻሕፍት ሽፋንና ሥዕላዊ መግለጫ፣ በፊልም መድረክ ዝግጅት፣ በኅትመትና በዲዛይን ይተዳደራሉ። በሥዕል ሽያጭ ብቻ የሚኖር ግን ጥቂት ነው፤ ይህንን ለተማሪው መደበቅ ደግ ሥራ አይደለም።

ቀጥሎ የሚመጣው ፈተና ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲገለጽ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ፈተናው በዚያ ዓመት በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ ስለተሰጠ ተማሪው የተቀመጠው ከቤቱ ርቆ ነበር። የሥዕል ዝንባሌ ላለው ልጅም ብሔራዊ ፈተናው አይቀርለትም፤ እንዲያውም ሌላ ፈተና ይጨመርበታል። ሥዕል ትምህርት ቤት ለመግባት በእርሳስ የመሣል ችሎታ በተግባር ይፈተናል። በአንድ በኩል ለብሔራዊ ፈተና ቀን ከሌት ማጥናት፣ በሌላ በኩል እጁ እንዳይዝል በየቀኑ መሣል አለበት። በትናንሽ ከተሞች የሥዕል መምህር ባለመኖሩ ሁለተኛውን ብቻውን ይወጣዋል። በቀን ግማሽ ሰዓት እንኳ በቤት ውስጥ ያለውን ጀበና፣ በርጩማና የገዛ እጁን ያለማቋረጥ የሣለ ልጅ በሳምንት አንድ ቀን ብዙ ሰዓት ከሚሥለው የተሻለ ይዘጋጃል።

አዲስ አበባ የደረሰ ተማሪ ደግሞ ሌላ ዓይነት ክብደት ያገኘዋል። በሌላ ትምህርት የተሳሳተ ተማሪ ስሕተቱን የሚያውቁት እርሱና መምህሩ ናቸው። በሥዕል ክፍል ግን ሥራው በሁሉ ፊት ይሰቀላል፤ ጓደኞቹ ቆመው ያዩታል፣ መምህሩ ይገመግመዋል። እጁ የተጣመመ ሥዕል ለመደበቅ አይመችም። በመንደሩ «ሠዓሊው» ተብሎ የተጠራ፣ የትምህርት ቤቱን ግድግዳ ሁሉ የሣለ ልጅ እንደ እርሱው በየመንደራቸው ሠዓሊ የተባሉ ልጆች መሐል ሲገባ ለመጀመሪያ ጊዜ ተራ ይሆናል። ብዙዎች የሚሰበሩት እዚህ ላይ ነው። ግምገማ የሚነገረው ስለ ሥራው እንጂ ስለ ሰውየው አለመሆኑን ተማሪው ቶሎ ካልተረዳው ትችት የተሰነዘረበትን ሥዕል ደብቆ በሚያውቀው መንገድ ብቻ መሥራት ይጀምራል። መምህርም በበኩሉ ጥፋቱ የቱ ላይ እንደሆነ ሳያመለክት «አይሆንም» ብሎ ማለፍ የለበትም። ክንዱ አጥሯል ማለት ያስተምራል፤ አይረባም ማለት አያስተምርም።

ጊዜም ያጥራል። የስቱዲዮ ሥራ ሰዓት የሚበላ ነው፤ አንድ ሸራ ቀለሙ እስኪደርቅ ቀናት ይጠብቃል፣ ቅርጻ ቅርጽ የሚሠራ ደግሞ ጭቃው እንዳይሰነጠቅበት በየሰዓቱ ያረጥበዋል። ከዚህ ጎን የንድፈ ሐሳብ ትምህርቱ፣ ጽሑፉና የመውጫ ፈተናው አሉ። እንቅልፍ ከሁሉ ቀድሞ የሚቀነሰው ነገር ይሆናል፤ ዓይን ሲደክም ደግሞ ቀለምን በትክክል አይለይም፤ ሌሊት በአምፖል ብርሃን የተዋሐደ ቀለም ጠዋት ሌላ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ቀለም በቀን፣ ንባብና የእርሳስ ንድፍ በማታ ማድረግ የሚለው የቆየ ምክር ጤናንም ሥራንም ይጠብቃል። ጭንቀቱ እየከፋ ሄዶ ተማሪው መብላትና መተኛት ካቃተው፣ ከሰው ከራቀ ወይም ተስፋ የመቁረጥ ንግግር ካበዛ በዩኒቨርሲቲው የምክር አገልግሎት ወይም በጤና ጣቢያ ባለሙያ ማነጋገር ያስፈልጋል። ሠዓሊ መከራ ካላየ አይሠራም የሚለው ወሬ ብዙ ልጅ ጎድቷል። አፈወርቅ ከሰማንያ ዓመት ዕድሜ ጥቂት ሲቀረው እስኪያርፍ ድረስ በሥርዓት እየሠራ የኖረ ሰው ነበር።

ገንዘብን በተመለከተ ከውጭ የሚመጣ የዘይት ቀለም፣ ሸራና ብሩሽ ለተማሪ ኪስ ውድ ነው። ተማሪዎች ከፎቶግራፍ ላይ የሰው ፊት በእርሳስ በመሣል፣ ለካፌ ግድግዳ በመቀባት፣ የሱቅ ስም በመጻፍ ወጪያቸውን ይሸፍናሉ። ለቁሳቁሱ ግን ብልሃት አለ። አቡጀዲ በእንጨት ፍሬም ላይ ተወጥሮ፣ በኮላና በነጭ ቀለም ድብልቅ ሁለት ጊዜ ተቀብቶ፣ በአሸዋ ወረቀት ተለስልሶ ጥሩ ሸራ ይሆናል። የመሣያ ከሰል ደግሞ በቤት ይሠራል፤ ልጡ የተላጠ ቀጫጭን የደረቀ ጭራሮ በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ታጭቆ፣ ክዳኑ ተገጥሞ፣ ለጭሱ አንዲት ቀዳዳ ብቻ ተትታለት እሳት ውስጥ ይቀመጣል። ጭሱ ሲያቆም ጣሳው ወጥቶ ሳይከፈት ይቀዘቅዛል፤ ትኩስ ሳለ ከተከፈተ እንጨቱ አየር አግኝቶ አመድ ይሆናል።

በዚህ ረገድ ሁለት ሠዓሊዎች በተለይ ሊጠኑ ይገባል። ዘሪሁን የትምጌታ የቀርከሃ ስንጣቂ ጎን ለጎን አሰልፎ በላዩ በመሣል የራሱን መንገድ አበጀ፤ እ.ኤ.አ. በ1992 በዳካር ቢየናሌ ተሸልሟል። ኤልያስ ስሜ ደግሞ ከመርካቶ የሚገዛውን የተጣለ የኮምፒውተር ሰሌዳና የኤሌክትሪክ ሽቦ ጠምዝዞና ሸምኖ ሰፋፊ ሥራዎች ይሠራል፤ ሥራዎቹ በታላላቅ ሙዚየሞች ታይተዋል። ሁለቱም የአዲስ አበባው ትምህርት ቤት ምሩቃን ናቸው። ቁሳቁስ በማጣት ያልተጀመረ ሥራ ላለበት ተማሪ እነዚህ ሁለቱ ሰበብ አይተዉለትም።

ይፋትም ባዶ አይደለም። የአርጎባ ሸማኔዎች ጥለት አለ። በሸዋ ሮቢት አካባቢ የይፋት ሡልጣኔት ዘመን ፍርስራሾች፣ ከእነዚህም ኖራ በተባለው ቦታ ያለው መስጊድ ግድግዳዎች፣ ይገኛሉ፤ የፈረንሳይ አርኪዮሎጂስቶች አጥንተዋቸዋል። ያለ ሲሚንቶ የተደረደረ ድንጋይ ለብርሃንና ጥላ ጥናት የተመቸ ነገር ነው። በአፋፉ ላይ ባሉት አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ በአቡጀዲ ላይ የተሣሉ የግድግዳ ሥዕሎች ይታያሉ። ከቤቱ ሳይርቅ እነዚህን የሣለ ተማሪ ለመግቢያ ፈተና የሚያቀርበው የንድፍ ደብተር ከስልክ ላይ የተገለበጠ የተዋናይ ፊት ከሞላበት ደብተር ይልቅ የመምህራንን ዓይን ይይዛል።

የቀረው የማየት ጉዳይ ነው። አፍሪካ አዳራሽ፣ ብሔራዊ ሙዚየምና የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ሁሉም በአንድ ከተማ ውስጥ ናቸው። በደሴ መንገድ ዳር ያሉ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፣ የወላጅ መምህር ኅብረቶችና የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከፈተናው ወራት ራቅ ባለ ጊዜ፣ የሥዕል ዝንባሌ ያላቸውን ተማሪዎች አዲስ አበባ ወስደው ሥራዎቹን በዓይናቸው እንዲያዩ ቢያደርጉ ወጪው የአንድ አውቶቡስ ኪራይና የአንድ ሌሊት ማደሪያ ነው። ጉብኝቱ አስቀድሞ በደብዳቤ መጠየቅ አለበት፤ ተማሪዎቹም የንድፍ ደብተርና እርሳስ ይዘው ይሂዱ።